የ1912ቱ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ለምን ሳይሳካ ቀረ?

ጠያቂ፣ ከጅሬን፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሐዲድ ባይደርስባትም ስለ መጀመሪያዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊው ሩዶልፍ ዲዝል፣ መሐንዲሱ አዶልፍ ክሎዘና የስዊዘርላንዱ ዙልዘር ኩባንያ ለጀርመኗ ግዛት ለፕሩሲያ ባቡር ያዘጋጁት ሎኮሞቲቭ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሞከር 1,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ 95 ቶን ይመዝን፣ በሰዓትም 100 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ታዲያ በ1914 ተበላሽቶ ከሙከራ ሳያልፍ የቀረው ሞተሩ ደካማ ሆኖ ነውን?

መላሽ፣ የቴክኒክ መምህር፣ ከሂርማታ፦
ሞተሩ ደካማ አልነበረም፤ ችግሩ ከመንኮራኩሩ ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንፋሎቱ ፒስተኑን ስለሚገፋው ገና ከቆመበት ሙሉ ጉልበት ይሰጣል፤ የናፍጣ ሞተር ግን አስቀድሞ ካልዞረ አየሩን አምቆ ነዳጁን ሊያቀጣጥል አይችልም። የ1912ቱ ሞተር ደግሞ ያለ ማርሽና ያለ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከመንኮራኩር የሚያላቅቅ መሣሪያ) በቀጥታ ከመንኮራኩሮቹ ጋር የተያያዘ ስለነበረ፣ ባቡሩ ሲቆም ሞተሩም አብሮ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ከጣቢያ የሚነሳው በታመቀ አየር እየተገፋ ነበር፤ አየሩን ለማመቅም 250 የፈረስ ጉልበት ያለው ሌላ ሞተር ተጭኖበታል። የታመቀ አየር ሲለቀቅ ይቀዘቅዛልና፣ ናፍጣው ሙቀት በሚፈልግበት ሲሊንደር ውስጥ ቅዝቃዜ ይገባ ነበር። ዲዝል ራሱ በ1913 ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ከመርከብ ላይ ስለጠፋ፣ የድካሙን መጨረሻ አላየም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሌላ መላሽ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ሳመላልስ ኖሬአለሁ። የግቤ ዳገት ላይ መንገድ ተዘግቶ ከቆምኩ፣ ጭነቱን ይዤ የምነሳው ፍሪሲዮን ረግጬ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ቀስ እያልኩ በመልቀቅ ነው። ፍሪሲዮን የሌለው መኪና እዚያ ቢቆም እስከ ማታም አይነሳም። ታዲያ እነዚያ ሊቃውንት ለምን አልገጠሙለትም?

የመምህሩ መልስ፦
ጋሼ፣ ነገሩን ከሥሩ ነው የነኩት። በዚያ ዘመን 1,000 የፈረስ ጉልበት ተሸክሞ የማይቃጠል ፍሪሲዮን መሥራት እጅግ ከባድ ነበር። መፍትሔው የመጣው ሞተሩ ጄኔሬተር እንዲያዞር፣ መንኮራኩሮቹንም የኤሌክትሪክ ሞተሮች እንዲያንቀሳቅሱ በማድረግ ነው፤ ያኔ ባቡሩ ቆሞም የናፍጣው ሞተር እንደልቡ ይዞራል። በ1924 የሶቪየት መሐንዲሶች ሁለት እንዲህ ያሉ ሎኮሞቲቮች አሠሩ፦ ጋኬል በሌኒንግራድ፣ ሎሞኖሶቭ ደግሞ በጀርመን አገር በኤስሊንገን። በእኔ ግምት የዋናው መስመር የናፍጣ ባቡር ታሪክ በእውነት የሚጀምረው ከሎሞኖሶቩ ነው፤ እስከ 1954 ድረስ አገልግሏልና። የጋኬሉ ብዙም ሳይቆይ ከመስመር ቢወጣም፣ ዛሬም በሞስኮ ተጠብቆ ይገኛል። የ1912ቱ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተፈታትቶ ጠፍቷል።