ከደልሂ ቬሎር በባቡር፦ አባቴን ይዤ ያለ ደላላ መሄድ እችላለሁ?

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባባን ለሕክምና ህንድ ልወስዳቸው ነው። ቀጠሮው ቬሎር ነው፣ ደቡብ ህንድ። የአክስቴ ልጅ ደልሂ ስለሚማር መጀመሪያ እሱ ጋ አርፈን፣ ከዚያ በባቡር ለመውረድ አስበናል። የአውሮፕላን ትኬት ገና አልቆረጥንም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደላላ «የባቡሩን ነገር ለኔ ተዉት» ብሎ የጠራብን ዋጋ አንድ ጥሩ በሬ ይገዛል። ራሴ ልሞክር ብዬ የህንድ ባቡር አፕ ስከፍት ደግሞ የማይገባኝ ነገር መዓት ነው። ደብሊውኤል፣ አርኤሲ፣ ታትካል፣ ቱኤ፣ ስሪኤ። ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘርግቶ እናየዋለን እንጂ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። አባባ 67 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሰላት ደግሞ አያሳልፉም። መንገዱን የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ሐይቅ ዳር

እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። ባንጋሎር ነው የተማርኩት። ለሕክምና የሚመጡ ያገር ሰዎችን ወደ ቬሎር ሳደርስ ስለኖርኩ መንገዱን አውቀዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ትኬት ካልቆረጣችሁ ደልሂን ተዉት። ከደልሂ ቬሎር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በባቡር አንድ ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ለምን ይንገላታ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንጋሎርም ይበራል። ከባንጋሎር በባቡር ሦስት አራት ሰዓት ቢሆን ነው። ቫንዴ ባራት የሚባለው ፈጣን ባቡር አለ፤ ወንበሩ ምቹ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣ አለው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ሩቅ ስለሆነ ግን ያን ቀን አድራችሁ በነጋታው ሂዱ። የምትወርዱበት ጣቢያ ካትፓዲ ይባላል። አፑ ላይም መድረሻውን «ካትፓዲ» ብለሽ ፈልጊ።

ምህጻረ ቃሎቹን በተመለከተ፣ ደብሊውኤል ማለት ተጠባባቂ ነሽ ማለት ነው። ገንዘቡን ይቀበሉሻል፣ ወንበር ግን የለሽም። ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት የተሳፋሪዎቹ ስም ዝርዝር እስኪዘጋ ወንበር ካልደረሰሽ በኦንላይን የተቆረጠው ትኬት ራሱ ይሰረዝና ብሩ ይመለሳል። አርኤሲ ከሆነ መሳፈር ትችያለሽ፤ ግን አንድን አልጋ ለሁለት ተቀምጣችሁ ነው የምትሄዱት። ለአባባ ሁለቱም አይሆኑም። «አቬይለብል» (ቦታ አለ) የሚል ካላየሽ አትክፈይ። ትኬት የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው፤ የቀጠሮው ቀን እንደታወቀ ወዲያው ግቢበት። ታትካልን ተስፋ አታድርጊ። በዋዜማው የሚሸጥ የጥድፊያ ትኬት ነው፤ ከ2025 ወዲህ አድሃር የሚባለው የህንድ መታወቂያ ከሌለሽ በኦንላይን አይሰጡሽም።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ በደንብ ያዥው፤ ብዙ ያገራችን ሰው ባቡር የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው 24 ሰዓት ነው፤ ቀኑ የሚቀየረው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «15፣ 00:20» የሚል ትኬት ያዝሽ እንበል። በእኛ አነጋገር ለ15 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። ስለዚህ ጣቢያ መገኘት ያለባችሁ በ14 ማታ ነው። በ15 ማታ ሻንጣ ይዘሽ ብትሄጂ ባቡሩ ትናንት ሌሊት ሄዷል። 14 እሁድ ቢውል፣ ወረቀት ላይ «እሁድ ማታ ከቤት እንወጣለን» ብለሽ በአማርኛ ጽፈሽ ከፓስፖርቱ ጋር አድርጊው።

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

ሐይቅ ዳር ባለው እስማማለሁ፤ ግን በደልሂ መሄድ ግድ የሚሆንበት ሰውም አለ። እኔ እናቴን ይዤ ከደልሂ ወርጃለሁ። ቱኤ ቁረጡ፤ አልጋው ሁለት ሁለት የሚደራረብበት ማዕረግ ነው። በአንዱ ክፍል አራት አልጋ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሁለት፤ መጋረጃም አለው። ስሪኤ ሦስት አልጋ ተደራርቦበታል፣ ለሽማግሌ ይጨንቃል። ማታ ሠራተኛው በቡናማ ወረቀት የታሸገ አንሶላ ያድላል፤ እናቴ ከፍታ ስታሸተው ንጹሕ ሆኖ ብታገኘው ነው ልቧ ያረፈው። ዕድሜያቸውን በትክክል ሙሉ። 60 ያለፈው ወንድ ከሆነ ሲስተሙ የታችኛውን አልጋ ሊሰጥ ይሞክራል። አባባ እዚያው ተቀምጠው መስገድ ይችላሉ፤ ሙሳፊር (መንገደኛ) ናቸው፣ ሰላቱን ያሳጥራሉ። ለውዱእ ውሃው ከፉርጎው ጫፍ አለ። ምግቡ ሐላል መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻላችሁ የአትክልቱን እዘዙ። ጾም ለሚጾም ግን ልንገራችሁ፣ የአትክልት የሚሉት ቅቤና ወተት አያጣውም።

ካርድ እምቢ ካላችሁ ኒው ደልሂ ጣቢያ ፎቁ ላይ የውጭ አገር ሰው ትኬት የሚቆርጥበት ቢሮ አለ። ፓስፖርት ይዛችሁ ግቡ። በር ላይ «ቢሮው ተዘግቷል፣ ልውሰዳችሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት፣ ዝም ብላችሁ ደረጃውን ውጡ።

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

አላህ ይስጣችሁ! ለአባባ ሳነብላቸው «እኔስ በባንጋሎር ነው የምሄድ» ብለው ወሰኑ። የአክስቴን ልጅም እዚያው ይምጣ አልነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የእኔ የባንክ ካርድ የውጭ ክፍያ አይሠራም። እሱ በራሱ አካውንት ቢቆርጥልን ችግር አለው?

ሐይቅ ዳር

ምንም ችግር የለውም፣ ለዘመድ መቁረጥ ይቻላል። ስማችሁን ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጠው። ፎቶ ላኪለት፣ በስልክ አትንገሪው። በጉዞው ቀን ዋናውን ፓስፖርት ያዙ፤ ተቆጣጣሪው እሱን ነው የሚያየው።

ካትፓዲ ላይ ባቡሩ የሚቆመው ጥቂት ደቂቃ ነው። «ዌር ኢዝ ማይ ትሬን» የሚለውን አፕ አውርጂ፤ ኢንተርኔት ባይኖርም የት እንደደረሳችሁ ያሳያል። አንድ ጣቢያ ሲቀራችሁ አባባን አስነሺና ሻንጣውን ወደ በሩ አስጠጉ። ከጣቢያው ሆስፒታሉ ድረስ ባጃጅ አለ፣ እነሱ ኦቶ ይሉታል። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ።