ታሪኬ ውስጥ ዝናብ በዛ ተባልኩ፣ ላውጣው?

እንግጫ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? አጭር ልብወለድ እየሞካከርኩ ነው። ቦታው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር፣ ወሩ ሐምሌ። ልጅቷን ለማታውቀው ሰው ሊድሯት ሰርግ ተደግሷል፣ እሷ ደግሞ ሌሊት ጠፍታ ወንዝ ማዶ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። ያነበበልኝ ጓደኛዬ "እሷ ባለቀሰች ቁጥር ሰማዩም ያለቅሳል፣ ሰለቸኝ፣ ዝናቡን አውጪው" አለኝ። ጎጃምን ያለ ክረምት እንዴት ነው የምጽፈው? ምን ትላላችሁ?

የጮቄ ሥር፦
ጓደኛሽ በሽታውን አግኝቶታል፣ መድኃኒቱን ነው የሳተው። ዝናቡን አታውጪው፣ ሥራ ስጪው። አሁን እንባዋን ከማጀብ ሌላ ምንም አይሠራም። እኛ አገር ክረምት ሰው ያስቀራል እኮ! ወንዝ ሞልቶበት ለቅሶ ሳይደርስ የቀረው ስንቱ ነው። ደራሽ ውሃን አስቢ። መሻገሪያው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ላይ ጮቄ ተራራ ላይ ግን ቀደም ብሎ ዶፉ ወርዷል። መጀመሪያ ውሃው ይደፈርሳል፣ ከዚያ ገለባና ቅርንጫፍ እየገፋ ይመጣል፣ ከዚያ ድምፁ። ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ይህን ሲያይ ዞር ብሎም ሳያይ ነው ወደ ዳር የሚሮጠው። ልጅቷን እዚያ ፀሐይ ላይ፣ መሃል ወንዝ አቁሚያት። አንድ ጠብታ ሳይዘንብ አንባቢው ይጨነቅልሻል።

ጭቃ ሹም፦
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ቆይ፣ ሐምሌ ላይ ማነው ሰርግ የሚደግሰው? ጎተራው ተሟጦ፣ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ውሎ፣ እንግዳውስ በዚያ ጭቃ ከየት ይመጣል? ሰርጉን ጥር አድርጊው። ያኔ ሌላ ነገር ታገኛለሽ። ኅዳር ላይ ጤፉ ታጭዶ ገና ማሳው ላይ እያለ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይውረድበት። ለድግሱ የታሰበው እህል ሊበሰብስ ነው፣ አባትየው እንቅልፍ የለውም፣ እሷ ግን በልቧ "ይዝነብ" ትላለች። ደግሞ ውርጩን አትርሺ፣ በዚያ ሰሞን ደጋው ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ጸሐፊዎቻችን ጎጃምን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ያደርጉታል፣ የበጋውን አቧራ የሚያነሳ የለም።

የቢቸና ልጅ፦
እኔ በግማሹ አልስማማም። ታሪኩን የማይገፋ ሁሉ ይውጣ ከተባለ ልብወለዱ የፖሊስ ሪፖርት ሊሆን ነው። አንድ እረኛ ገሳውን ደፍቶ ዛፍ ሥር ቁጭ ሲል፣ ውሃው በገሳው ላይ እየተንሸራተተ ባዶ እግሩ ላይ ሲንጠባጠብ ምንም አይፈጠርም፣ እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ እቆያለሁ። ሰው የሰለቸው ዝናቡን አይደለም፣ "ሰማዩ አብሯት አለቀሰ" የሚለውን ነው። እሱን ሰርዢና ሌላውን ተዪው።

እንግጫ፦
እናመሰግናለን! ሰርጉ ወደ ጥር ሄደ። ግን ደራሹን ወደድኩት፣ ጥር ላይ ደግሞ ደራሽ የለም። ሽማግሌ የሚላከው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ቢሆንስ?

የጮቄ ሥር፦
እንዲያውም ይሻላል። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ጨርሰው ሲወጡ ወንዙ ሞልቶ ይጠብቃቸው። ተመልሰው እነልጅቷ ቤት ይደሩ። እግራቸውን የምታጥበው እሷ ናት፣ ራት የምታቀርበውም እሷ።