የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ ለታዳጊዎች አልኮል እንዳይሸጥ መከልከል እስኪሰክሩ መጠጣትን ይቀንሳል ወይ?

ሰብሳቢዋ፦

ውድ አባላት፣ የጋራ ሐሳባችን የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። ማኅበራችን የሚጠይቀው ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ታዳጊዎች አልኮል መሸጥ በሕግ እንዲከለከል ነው። በጥያቄው ላይ ልዩነት ያለን አይመስለኝም። ክርክር የተነሣው በመግቢያው ላይ ነው፤ «ክልከላው ታዳጊዎች በአንድ ጊዜ እስኪሰክሩ መጠጣታቸውን ያስቀራል» ይላል። ይህን ፈርመን ልናቀርብ እንችላለን ወይ? ማስረጃ ያላችሁ ማስረጃችሁን፣ ሥጋት ያላችሁ ሥጋታችሁን ጻፉ። እንዳይምታታብን የምትጠቅሷቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

ጠበቃው፦

ሰብሳቢያችን፣ በዚህ መግቢያ ከቀረብን የመጀመሪያው ጠያቂ አፋችንን ያስይዘናል። ክልከላ ባለበት አገር ሁሉ የሚሰክር ታዳጊ አለ። ልንሟገትለት የምንችለው መቀነሱን ነው፤ ለእርሱ ደግሞ ጠንካራ ማስረጃ አለን።

ዋናው የአሜሪካ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ግዛቶች የመጠጫ ዕድሜን ከ21 ወደ 18፣ 19 ወይም 20 አወረዱ። ብዙም ሳይቆይ የወጣት አሽከርካሪዎች አደጋ በመጨመሩ አንዳንዶቹ ግዛቶች ዕድሜውን መልሰው ከፍ ማድረግ ጀመሩ። በ1984 የፌዴራሉ መንግሥት ዕድሜውን 21 ያላደረገ ግዛት ለአውራ ጎዳና ከሚሰጠው ገንዘብ እንዲቀነስበት ሕግ አወጣ፤ በ1988 ሁሉም ግዛቶች ተቀብለውት ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ግዛቶቹ ሕጉን የቀየሩት በተለያየ ጊዜ መሆኑ ነው። ተመራማሪዎች ሕጉን የቀየረውን ግዛት ገና ካልቀየረው ጎረቤቱ ጋር ማስተያየት ችለዋል፤ ዕድሜው ከፍ ሲል የወጣቶች አደጋ መውረዱንም ደጋግመው አይተዋል። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በእነዚህ ሕጎች ምክንያት ከ1975 እስከ 2017 ከ31,000 በላይ ሰዎች ከሞት እንደተረፉ ይገምታል።

ስለ ስካሩ ራሱ ደግሞ በዚያው አገር የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሞሉት ብሔራዊ መጠይቅ አለ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በተከታታይ አምስትና ከዚያ በላይ መጠጥ ጠጥተናል ያሉት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ 41 ገደማ ነበሩ። በ1993 ወደ 28 ገደማ ወርደዋል። ይህ ሁሉ የሕጉ ሥራ ነው ማለት ግን አይቻልም። ጠጥቶ ማሽከርከርን የሚቃወመው ዘመቻ የተጠናከረው በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱን ለይተን ካልጻፍን ተቃዋሚዎቻችን ይለዩልናል።

ኒውዚላንድ በተቃራኒው ሄዳለች። በ1999 መግዣ ዕድሜውን ከ20 ወደ 18 አወረደች። የ18 እና የ19 ዓመት ወጣቶች የትራፊክ ጉዳት መጨመሩ የሚጠበቅ ነው፤ ጥናቱ ግን ሕጉ በቀጥታ ያልነካቸው ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉትም ጉዳታቸው እንደጨመረ አገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ16 ዓመት ልጅ የ20 ዓመት ጓደኛ የለውም፤ የ18 ዓመት ጓደኛ ግን አለው። ይህ ነጥብ በረቂቁ ውስጥ እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የትምህርት ቤት አማካሪዋ፦

ጠበቃችን ያቀረቡትን አልቃወምም፤ ነገር ግን አብዛኛው ስለ መንገድ አደጋ ነው። እኔ በየሳምንቱ የማነጋግራቸው ልጆች አያሽከረክሩም። የሚጠጡት ሰው በማያያቸው ቦታ፣ ያገኙትን ሁሉ በፍጥነት ነው፤ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ቤት መመለስ ስለማይችሉ መጨረስ አለባቸው። ክልከላው ይህን ያባብሳል የሚለው ሥጋት የእኔ ብቻ አይደለም። በ2008 ከመቶ በላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች የ21 ዓመቱ ሕግ ተማሪዎችን ወደ ድብቅ ስካር ገፍቷልና እንደገና እንወያይበት ብለው ፈርመዋል። በእርግጥም ኮሌጅ ያልገቡ እኩዮቻቸው መጠጣት ሲቀንሱ የወንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ስካር ለአሥርት ዓመታት እምብዛም አልወረደም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቅጣቱ በሻጩ ላይ እንጂ በልጁ ላይ እንዳይሆን። ሁለተኛ፣ መከልከል ብቻውን በቂ እንደሆነ አድርገን እንዳንጽፍ።

ጠበቃው፦

እኅቴ፣ የኮሌጁን ነገር ከሌላ በኩልም እንየው። ሕጉ የደከመው ማንም መታወቂያ በማይጠይቅበት ቦታ ነው። የ21 ዓመቱና የ18 ዓመቱ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ፤ አንዱ ገዝቶ ለአሥሩ ያድላል። ይህ የሚያሳየኝ ክልከላው ስካርን እንደሚፈጥር ሳይሆን የማይተገበር ክልከላ ምንም እንደማይከለክል ነው። ልጁ አይቀጣ በሚለው ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ነርሷ፦

ስለ ስካር ስንጽፍ የምንለካው ምን እንደሆነ ረቂቁ ይናገር። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ንጹሕ አልኮል መጠጣትን እንደ መለኪያ ይጠቀማል። ቁጥሩ ብቻውን ስለማይታይ በምሳሌ ልንገራችሁ። ከመቶ 40 አልኮል ያለበት የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 60 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። አራት ልጆችና አንድ ጠርሙስ ማለት ነው። መለኪያው ደግሞ ለአዋቂ የወጣ ነው፤ ክብደቱ 45 ኪሎ የሆነ ልጅ ከዚያ ባነሰ መጠንም ይወድቃል።

ድንገተኛ ክፍል የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው ነው። ጓደኞቹ «ይተኛና ይለቀዋል» ብለው ይተዉታል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው 10 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ብቻ ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያፋጥነውም። በሆድ ውስጥ ያለው መጠጥ ልጁ መጠጣት ካቆመም በኋላ ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሲተኛ ይናገር የነበረ ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ የማይነቃ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ትንፋሹ ይዘገያል። በጀርባው ካስተኙት ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ ቢያስተኙትና ወዲያው ቢደውሉ ኖሮ ብዙው ነገር ቀላል ነበር። የማይደውሉት ምን እንደሚሆን ስለማያውቁ ብቻ አይደለም፤ ፈርተውም ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለሰከረ ጓደኛው እርዳታ የጠራ ታዳጊ በመጠጣቱ እንዳይከሰስ የሚከላከል ሕግ አለ። ይህ በእኛ ሐሳብ ውስጥ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ሰብሳቢዋ፦

ሲስተር፣ ይገባል። ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሁን፤ አጻጻፉን እርስዎ ይጀምሩልን።

በሱቅ ገንዘብ ተቀባይነት የሠራው አባል፦

ጠበቃችን ስለማይተገበር ክልከላ ያሉትን እኔ ከቆጣሪ ማሽኑ ጀርባ አውቀዋለሁ። ወረፋው ይረዝማል፤ ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ። አንድ ረዘም ያለ ልጅ ጠርሙሱን ከዳቦና ከሳሙና ጋር አድርጎ ያስቀምጣል፤ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አያነሣም። መታወቂያ ልጠይቅ ብዬ ካሰብኩ በኋላ የተወለደበትን ዓመት ከዛሬው መቀነስ አለብኝ፤ በዚያ ላይ አዋቂ ሆኖ ከተገኘ ይቆጣኛል። አለቃዬ ደግሞ የሚጠይቀኝ ስለ ሽያጩ እንጂ ስለ ልጁ አይደለም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሻጭ ፊት አይቶ ይገምታል፤ ሲጠራጠር ደግሞ ማሳለፍ ይቀለዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ማሽኑ የአልኮል ምልክቱን ሲያነብ የትውልድ ቀን ሳይገባለት እንዳይቀጥል ማድረግ ይቻላል። በብሪታንያ ብዙ መደብሮች ከ25 ዓመት በታች የሚመስለውን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ ሁሉም የሚጠየቅ ከሆነ ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈራ ነገር መኖር አለበት። በሠለጠኑ ወጣት ገዢዎች ድንገተኛ ፍተሻ ሲደረግ ሽያጩ ወዲያው ይቀንሳል። ይህን በአሜሪካ ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር ጨምረው አግኝተዋል፤ የፍተሻው ውጤት በሦስት ወር ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ፍተሻ ለሪፖርት እንጂ ለልጆቹ አይጠቅምም። ቅጣቱም ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ገንዘብ ተቀባይ ላይ ብቻ ከወደቀ ባለቤቱ ሌላ ሰው ይቀጥራል እንጂ አሠራሩን አይለውጥም። ፈቃዱ መነካት አለበት።

በስልክ ታዝዞ ቤት ድረስ የሚላክ መጠጥም አይረሳ። በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ የሚያየው መልእክተኛው ብቻ ነው።

አንድ ወላጅ፦

ሁላችሁም ስለ ሻጭ ትጽፋላችሁ፤ እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ የቤቱ ነው። ልጄ ውጭ ከሚጠጣ እኔ ፊት ትንሽ ቀምሶ መጠኑን ቢያውቅ ይሻላል የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ እኔም ሳስበው ኖሬአለሁ። ማኅበሩ ለእነዚህ ወላጆች ምን ይላቸዋል?

ነርሷ፦

ጥያቄዎ የብዙ ወላጅ ነው። በአውስትራሊያ ከ1,900 በላይ ታዳጊዎችን ከወላጆቻቸው ጋር ለስድስት ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2018 ታትሟል። ከወላጅ መጠጥ የተሰጣቸው ልጆች ከጉዳት የተጠበቁበት አንድም መለኪያ አልተገኘም፤ እንዲያውም ካልተሰጣቸው ይልቅ በኋላ እስኪሰክሩ የመጠጣትና ከሌላ ሰው የመቀበል ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆነ። ወላጆቹ የሰጡት በፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም።

ወጣት አባል፦

«ቀድመው የለመዱ ልክ ያውቃሉ» የሚለውን በአገር ደረጃም ማየት ይቻላል። በአውሮፓ የ15 እና የ16 ዓመት ተማሪዎች ላይ በተደረገው የ2015 ጥናት፣ ባለፉት 30 ቀናት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአንድ መቀመጫ አምስትና ከዚያ በላይ የጠጡት በዴንማርክ ከግማሽ በላይ ነበሩ። ዴንማርክ በዚያን ጊዜ ቢራና ወይን በ16 ዓመት ይሸጥባት የነበረች አገር ናት። በአይስላንድ ከአሥር አንድ እንኳን አልደረሱም፤ እዚያ መግዣ ዕድሜው 20 ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ አይስላንድ ለክልከላው ብቻ ማስረጃ ተደርጋ ስትጠቀስ ቅር ይለኛል። በ1998 ዕድሜው ያው 20 ሆኖ ሳለ፣ ከ15 እና ከ16 ዓመት ተማሪዎች ከመቶ 42ቱ ባለፈው ወር ሰክረናል ብለው ነበር። በ2016 ወደ 5 ወረደ። በመካከል ብዙ ነገር ተሠርቷል። ወላጆች ልጆቻቸው በምሽት ብቻቸውን እንዳይወጡ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ፈረሙ፤ ልጆች አምሽተው ውጭ እንዳይቆዩ የሚያዘው የሰዓት ገደብም በተግባር ዋለ። ማዘጋጃ ቤቶች ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለሥዕል ትምህርት ገንዘብ መደቡ፤ በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክ ቤተሰቦች ለእያንዳንዱ ልጅ የሚውል ድጎማ ያገኛሉ። በየትምህርት ቤቱ መጠይቅ ይሞላል፤ ውጤቱም ቶሎ ለዚያው ሰፈር ወላጆች ይነገራል። እኔ የዚህ ማኅበር ታናሽ አባል ነኝ፤ እኩዮቼ ለምን እንደሚጠጡ አውቃለሁ። ብዙዎቹ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የላቸውም። እባካችሁ ረቂቁ ለታዳጊው የሚከለከለውን ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውንም ይጻፍ።

የሒሳብ ሹሟ፦

አጭር ጭማሪ፤ ዋጋም አለ። ስኮትላንድ በ2018 ለእያንዳንዱ 8 ግራም ንጹሕ አልኮል ከ50 ፔንስ (ከግማሽ የብሪታንያ ፓውንድ) በታች መሸጥን ከለከለች፤ በ2024 ደግሞ ዝቅተኛውን ዋጋ ከፍ አድርጋዋለች። ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ገዢ ዋጋ ሲጨምር ቶሎ ይሰማዋል፤ ታዳጊም እንዲሁ ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጠቀስ ይበቃል፤ ከበዛ የእኛ ሐሳብ የግብር ሐሳብ ይሆናል።

ሰብሳቢዋ፦

እስካሁን በተባለው መሠረት መግቢያውን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦

«ለታዳጊዎች አልኮል መሸጥን መከልከል፣ ክልከላው በሻጩ ላይ በተደጋጋሚ ቁጥጥር ሲተገበር፣ ታዳጊዎች መጠጥ የሚያገኙበትን መንገድ ያጠባል፤ በአንድ ጊዜ እስኪሰክሩ መጠጣታቸውንም ይቀንሳል። ቁጥጥር የሌለው ክልከላ ይህን ውጤት ያመጣል ብለን አንጠብቅም። የወላጆች ስምምነትና ለታዳጊዎች ክፍት የሆኑ ቦታዎች ካልታከሉበትም ውጤቱ ውስን ይሆናል።»

ቀጥሎ የሚመጡት አንቀጾች የሻጩን ግዴታና የፈቃድ ቅጣት፣ ቢያንስ በየሦስት ወሩ የሚደረግ ፍተሻን፣ ቤት ድረስ የሚላክ መጠጥን፣ ታዳጊው በመግዛቱ እንዳይከሰስና እርዳታ የጠራም እንዳይቀጣ፣ በመጨረሻም ለወጣቶች ማእከላት የሚመደብ ገንዘብን ይይዛሉ።

ጠበቃው፦

እስማማለሁ። ዕድሜው ግን 18 ነው ወይስ 20? የኒውዚላንድን ማስረጃ ጠቅሰን 18ን ብንጠይቅ ጠያቂ ይነሣብናል።

የትምህርት ቤት አማካሪዋ፦

ወንድሜ፣ 20 ብንጠይቅ የመራጭነት መብት ያለውን ሰው እንደ ልጅ ቆጠራችሁት ይሉናል፤ ክርክሩ በሙሉ ወደዚያ ይሄድና የ14 ዓመቱ ልጅ ይረሳል። የእኔ ቢሮ የሚመጡት የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ናቸው። በ18 እንጀምርና ፍተሻው ይጥበቅ።

ጠበቃው፦

ይሁን፤ ነገር ግን በአንድ ሐረግ «ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ከሦስት ዓመት በኋላ ዕድሜው እንደገና ይታይ» እንበል። እስከዚያ የሚታይ መረጃ እንዲኖር ደግሞ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት መጠይቁ በትምህርት ቤቶች ይሞላ። መነሻው ካልተለካ በኋላ ቀነሰ ብንልም የሚያምነን የለም።

ሰብሳቢዋ፦

ሁለቱም ይግቡ። የመጠይቁን ጥያቄዎች አማካሪያችን ከሲስተር ጋር ያዘጋጁ፤ የ60 ግራሙ መለኪያ ተማሪው በሚረዳው መጠን ይቀመጥ። የሻጩን አንቀጽ ጠበቃችን ገንዘብ ተቀባይ ከነበረው አባላችን ጋር ይጻፉት። የወጣቶች ማእከላቱን ክፍል ወጣቱ አባላችን ይጀምረው፤ የሒሳብ ሹሟ ወጪውን ያስሉለታል። እስከ ሐሙስ ማታ የደረሰውን ዓርብ አጠቃልዬ ለፊርማ እልካለሁ።