የጨረቃና የምድር ፌልድስፓር ሳወዳድር ተቸግሬያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ማዕድን ያጠናችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። የጨረቃና የምድር ፕላጂዮክሌዝ ፌልድስፓር (ካልሲየምና ሶዲየም በተለያየ መጠን የሚይዝ ማዕድን) እያወዳደርኩ ነው። ከጨረቃ በኩል የያዝኩት አፖሎ 15 በ1971 እ.ኤ.አ. ያመጣውን፣ ቁጥሩ 15415 የሆነውን አኖርቶሳይት (ከሞላ ጎደል ፕላጂዮክሌዝ ብቻ የሆነ ድንጋይ) የታተሙ ምስሎች ነው። ማዕድኑ ከሞላ ጎደል ንጹሕ አኖርታይት፣ ማለትም ካልሲየም የበዛበት የፕላጂዮክሌዝ ዓይነት ነው፤ ሶዲየሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በተራው ማይክሮስኮፕ ችግር የለብኝም። የምድሩን ስስ ቁራጭ በሁለቱ ፖላራይዘሮች (የብርሃን ማጣሪያዎች) መሃል ሳዞረው መንታ ክሪስታሎቹ እንደ ጥለት ጥቁርና ነጭ ሆነው ይሰለፋሉ። በጣም ያምራል!

ያቃተኝ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ምስል ነው። አኖርታይት ሲቀዘቅዝ 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የአተሞቹ አደራደር ይለወጣል። ያኔ ክሪስታሉ በጥቃቅን ክልሎች ይከፋፈላል፤ በመካከላቸውም ጥምዝምዝ ድንበር ይቀራል። ድንጋዩ ቶሎ ከቀዘቀዘ ክልሎቹ ትንንሽ ይሆናሉ። ሶዲየም ሲጨምርም ግን ያንሳሉ። እዚህ ላይ ነው የተጣበቅኩት።

በምድሩ ናሙና ላይ ክልሎቹ ደቃቅ ናቸው። ምክንያቱ የቅዝቃዜው ፍጥነት ነው ወይስ ሶዲየሙ? ሁለቱን በምን ልለያቸው? እዚያው ነጥብ ላይ የሶዲየሙን መጠን መለካት ብቻውን ይበቃል? የሞከራችሁት ካላችሁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።