የሞተር ጎማ የት ይነፋ፣ በምንስ ይለካ? ጥቆማ ከደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ላይ የሞተር ሳይክል ጎማ የት ቢነፋ ይሻላል ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ የምሰጠው ጥቆማ ከቦታው ሳይሆን ከመለኪያው ይጀምራል፤ የራሳችሁ መለኪያ ከሌላችሁ የትኛውም ቦታ አያስተማምንም። ባለፈው ክረምት ከቤቴ ብዙም ከማይርቅ ማደያ የኋላ ጎማዬን 28 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) አስሞልቼ ወዲያው ቤት ገብቼ ብለካው 22 ሆኖ አገኘሁት፤ በማግስቱ ጠዋትም ያው 22 ስለነበር ጎማው አልተነፈሰም፣ የዋሸው የማደያው መለኪያ ነው።

ጎሚስታ ቤት ደግሞ ኮምፕረሰሩ ለጭነት መኪና ታስቦ የተገጠመ በመሆኑ ትንሿን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ያወጥራታል፤ ብዙዎቹም ግፊቱን የሚገምቱት በአውራ ጣት ተጭነው ነው። ያም ሆኖ ምርጫዬ ጎሚስታው ነው። ቫልቩ ላይ ምራቅ ቀብቶ አረፋ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ጎማው ከተበሳም እዚያው ይፈታዋል። እኔ ትንሽ አስበልጬ አስሞላና ጎማው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ከቆመ በኋላ ቤት ውስጥ እየለካሁ እቀንሳለሁ።

ከመለኪያዎች እስክሪብቶ መሰሉ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የ2 ፒኤስአይን ልዩነት በእሱ መለየት ዓይን ያደክማል። ሰዓት መሰሉን፣ ያውም እስከ 60 ብቻ የሚያነበውን እመርጣለሁ፤ እስከ 200 የሚደርሰው የመኪና መለኪያ በ25 ላይ መርፌው ከግርጌው ብዙም አይነሳም። ከመንፊያዎች የእግር ፓምፕ ይበቃል። በ12 ቮልት የሚሠራውን ኤሌክትሪክ መንፊያ የምትገዙ ከሆነ፣ የሞተር ባትሪ ትንሽ ስለሆነ ሞተሩን አስነስታችሁ ተጠቀሙበት።

ስንት ይሞላ ለሚለው፣ መልሱ በሞተሩ መመሪያ ወይም በሰንሰለት መሸፈኛው አካባቢ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ፤ ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። አካባቢያችን የሚነዱት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ለፊት 25፣ ለኋላ ለብቻ ሲነዱ 28፣ ሰው ሲያፈናጥጡ 32 ገደማ ይጠይቃሉ። ጤፍ ጭናችሁ ኮረት መንገድ ላይ በ22 ከነዳችሁ ድንጋዩ የውስጥ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያበጅለታል፤ ጎሚስታውም ሁለቱን ቀዳዳዎች ሲያይ ያለ በቂ አየር መንዳታችሁን ያውቃል።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ለምትወርዱ አንድ ነገር ልጨምር። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከታች የውጩ አየር ይከብዳል፣ በዚህ ምክንያት ብቻ መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ይላል፤ የበረሃው ሙቀትና የጎማው መጋል ግን መልሰው ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ድልድዩ ጋ ደርሳችሁ በጋለ ጎማ 35 ብታነቡ አየር አትቀንሱ፤ ደጀን ተመልሳችሁ ስታድሩ ጎማው በርዶ ጎድሎ ታገኙታላችሁ።