«ኮምፖዚት»ን ምን እንበለው?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ቤቶች። ስለ ተጣጣፊ የግፊት ሴንሰር የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። ካርቦን ናኖቱብ (በዓይን የማይታይ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) እንደ ሲሊኮን ጎማ ባለ ፖሊመር ውስጥ ተበትኖ የሚሠራ፣ ሲጫኑት የሚያውቅ ስስ ነገር ነው። እንዲህ ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚሠራውን ዕቃ «ኮምፖዚት» ይሉታል፤ እዚህ ቃል ላይ ተያዝኩ። ውሁድ ልበለው ቅይጥ? ሴንሰሩንስ «ዳሳሽ» ብለው ያስኬዳል?

ማዕዘን፦
ውሁድስ አይሆንም። በኬሚስትሪ ቦታው ተይዟል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ ሲሆኑ የቀድሞ ጠባያቸውን ይተዋሉ። እዚህ ግን ካርቦኑ ካርቦን፣ ጎማውም ጎማ ሆኖ ይቀራል። ዕቃው የሚሠራውም ስላልተዋሃዱ ነው። ጎማው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ናኖቱቡ ያሳልፋል። ናኖቱቡ በጣም ጥቂት ከሆነ ተበታትኖ ስለሚቀር መንገድ የለም። መጠኑ አንድ ደፍ ሲያልፍ ግን ቱቦዎቹ ይነካካሉ፤ ወይም በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ይራራቃሉ፤ ኤሌክትሮንም ክፍተቷን ዘልሎ ያልፋል። ስትጫኚው ብዙውን ጊዜ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ሬዚስታንሱም (ኤሌክትሪክን የሚያግደው ነገር) ይወርዳል። የሚለካው ይሄው ለውጥ ነው። እኔ «ቅይጥ» እላለሁ።

በነገራችን ላይ ናኖቱብ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ 1 በመቶ እንኳ ሳይሞላ መረቡን ሊዘረጋ ይችላል። ድቡልቡሉ የካርቦን ጥላሸት ግን ብዙ ይፈልጋል።

የፊደል ልጅ፦
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነዋ!

ማዕዘን፦
ደስ ይላል፣ ግን አይገጥምም። ተረቱ የጉልበት ነው፤ ድሩ በበዛ ቁጥር ይበረታል። እዚህ ከደፉ በታች ምንም የለም፤ ደፉ ላይ ሲደርስ መንገዱ ባንዴ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ካርቦን ብትቆልልበት ደካማ ሴንሰር ነው የሚወጣህ። መንገዱ ቀድሞ ስለሞላ ብትጫነውም እምብዛም አይለወጥም።

የፊደል ልጅ፦
እሺ ተረታሁ። «ዳሳሽ» ግን አልተዋጠልኝም። መዳሰስ በእጅ እየነካኩ መፈለግ ነው። ይሄ ዕቃ ማንን ይዳስሳል? ተዳሳሹ ራሱ ነው።

ቃል ለቃሚ፦
ሮቦት ጣት ላይ ሲለጠፍስ? ያኔ የምር ይዳስሳል። የእጅ አንጓ ላይ ለጥፈውት የደም ትርታ ሲያነብም ያው የሐኪም ጣት ሥራ ነው። እኔ ዳሳሽን ይዣለሁ። የቀረኝ «ሂስተሪሲስ» ነው። «ዝግመት» ብለውስ?

የፊደል ልጅ፦
«ቂም» በዪው። ጎማው የተጫነውን ቶሎ አይረሳም።

ማዕዘን፦
ሃሃ፣ ቂም ለጨዋታ ያምራል። ዝግመት ግን ጊዜን ብቻ ነው የሚናገረው። ነገሩ ሌላ ነው፤ 10 ኪሎፓስካል ላይ ግፊቱ እየጨመረ ሲመጣና እየቀነሰ ሲመለስ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጥሻል። እንዳለ «ሂስተሪሲስ» ብለሽ ጻፊው፤ መጀመሪያ የመጣበት ቦታ ላይ ይህችን ማብራሪያ ጣል አድርጊበት።