ሜዳችን ውሃ አልለቅ ብሎናል፤ የሚያውቅ ይርዳን

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሾፍቱ ውስጥ ያለ የአንድ ትንሽ ክለብ ደጋፊዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ዶማና አካፋ ይዘን ሜዳውን እንጠግናለን። ድንጋይ ለቅመናል፣ አረም ነቅለናል፣ የጎሉን ብረት ቀለም ቀብተናል። ጉልበቱ አላነሰንም፤ ያጠረን እውቀት ነው።

መሬቱ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። የባሰው በረኛው የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ዝናቡ ካባራ ከቀናት በኋላም ውሃው እዚያው ተኝቶ ይገኛል። የተከልነው ሰርዶ ሌላ ቦታ ሲዛመት እዚያ ጋ በሰበሰ።

ግማሾቻችን አሸዋ እንበትንበት ይላሉ። ሌሎቹ ከጎሉ ጀርባ ቦይ ቆፍረን ጠጠር እንሙላበት ባይ ናቸው። እኔ ወደ ቦዩ አደላለሁ፤ አሸዋው ከዋልካው ጋር በደንብ ካልተዋሃደ ያዋጣነውን ብር ጭቃ ላይ መድፋት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 የጀርመኑ እግር ኳስ ክለብ የዩኒየን በርሊን ደጋፊዎች ከ2,000 በላይ ሆነው ስታዲየማቸውን በነፃ ጉልበት አድሰዋል፤ እኛ ግን የሚመራን ባለሙያ የለንም።

ቦዩ ምን ያህል ይጥለቅ? ተዳፋቱስ? ሜዳ የሠራችሁ ወይም መስኖ የምታውቁ፣ ክረምቱ ሳይገባብን እባካችሁ ጻፉልን።